ባለቤቴ የፈለገችው አረቢያ

የስፌት መኪናዬን ፔዳል ማቆም አልነበረብኝም። ያን ዕለት እግሬን ባላነሳ ኖሮ የሰማሁትን አልሰማም፤ ባልሰማ ደግሞ መናኸሪያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የአባቴን እኩያ ኮሌታ ጨምድጄ አልይዝም ነበር። አሁን ነገሩ ስላለፈ በተነሳ ቁጥር ይሳቃል፤ እናንተም ስታነቡት ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እህል በቅጡ ሳይወርድልኝ፣ አንድ ቦታ ረግቼ ሳልቀመጥ ነው ያሳለፍኩት።

ሰይድ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬ ቤታችን በረንዳ ላይ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። ሲፈጥረኝ ቸኳይ ነኝ። እናቴ «ይኸ ልጅ ውሃው ሳይፈላ ዱቄቱን የሚጨምር ነው» ትለኛለች፤ ውሸቷን አይደለም።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። እናቴ ዐረብ አገር የሄደችው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ስትመለስ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። አንዲት ቀላ ያለች ሴት ትልቅ ሻንጣ አስወርዳ፣ እያለቀሰች ስታቅፈኝ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ» አልኳት። በዙሪያችን የቆመው ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ኖረናል፣ አክስቴም ነፍሷን ይማርና አልፋለች፤ እኔ ግን እናቴን «አንቺ» ብያት አላውቅም። ጎረቤቱ «ሰይድ እኮ እናቱን አንቱ ነው የሚላት፣ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው!» እያለ ያመሰግነኛል። አክብሮት አልነበረም። እንግዳ ሰው አንቱ ይባላል፣ ምላሴም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ዘይነባን ላገባ ስል አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅኳት። እሷም ከጅዳ የተመለሰች ናት፤ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፣ የሰው ልጅ ከአራስነቱ ጀምሮ አሳድጋለች። ኒካሑ ሊታሰር ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት «ተመልሰሽ አትሄጂም አይደል?» አልኳት። «ወላሂ አልሄድም» አለችኝ። እኔም አመንኳት፤ ቢያንስ ያመንኳት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ዘይነባ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሆኜ የአንድ ተማሪ ሱሪ እሰፋለሁ፤ እሷ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች። ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አየት አደረገችና ሆዷን ደግፋ ተነሥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ይኼኔ ነው የገረመኝ፤ ዘይነባ ስልክ ሲደወልላት እፊቴ ነበር የምታወራው። በረንዳውንና ጓሮውን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ።

«አዎ ሉባባ፣ ወስኛለሁ» ትላለች። ሉባባ የጅዳ ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ደሴ አጠገብ ኩታበር ነው የምትኖረው። «አረቢያ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አይሆንልኝም።»

ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩ።

«አይ፣ ሰይድ አያውቅም። እናቱ ጆሮ እንዳይደርስ ብዬ ነው። እሳቸው ከሰሙ ጉድ ነው የሚፈላው... አሁንማ ከነሆዴ ምን ያደርግልኛል? ከወለድኩ ወዲያ ነው እንጂ።»

ሉባባ የሆነ ነገር እየነገረቻት ነበር።

«አሮጌውም ቢሆን ግዴለኝም። እኔ የምፈራው መንገዱን ነው። ይኸ መንገድ ስንቱን ሰባብሯል!» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ገፋሁ እኮ፣ ሉቤ። አሁን ደግሞ ለራሴ ልግፋ እንጂ። እሺ... ከነገ ወዲያ በአያ እንድሪስ መኪና። መናኸሪያ እጠብቃለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ አደራ።»

አሁን በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በእኛ አገር «መንገዱ» ሲባል ሌላ ትርጉም የለውም፤ በረሃውን በእግር፣ ባሕሩን በጀልባ ማለት ነው። ከኛ ቀበሌ በዚያ መንገድ ወጥተው ደብዛቸው የጠፋ ልጆች ስም በቃሌ አውቃለሁ። «አሮጌው» ያለችው የድሮ እመቤቷን ቤት መሰለኝ። ተጨቃጭቃ የወጣችበት ቤት ነበርና «እሱም ቢሆን ግዴለኝም» ማለቷ ነው ብዬ ፈታሁት። አያ እንድሪስ ደግሞ የደሴ ሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ያገሩን ሴት ሁሉ ሲያመላልሱ የኖሩ። እያንዳንዷ ቃል ቦታ ቦታዋን ያዘች።

ዘይነባ ተመልሳ ተቀመጠችና ምስሯን ሳብ አደረገች።

«ማን ነበር?» አልኳት።

«ሉባባ ናት። ሰላም ትልሃለች።»

ያ ብቻ። እኔም «አልሐምዱሊላህ በያት» ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘይነባ ሱሪውን ከእጄ ተቀብላ ከፍ አደረገችውና ሳቋ አመለጣት። ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቻቸዋለሁ። «ይኼን የሚለብስ ተማሪ እየዘለለ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው?» አለችኝ። እንዴት ትስቃለች አልኩ በልቤ። ልጇን ጥላ ልትሄድ እንዴት ትስቃለች!

«ለምን አልጠየቅካትም?» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። መልሱን ፈራሁ መሰለኝ። «አዎ፣ እሄዳለሁ» ብትለኝስ?

በማግስቱ ዘይነባ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔ ሥራ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። እስከ መናኸሪያው ሄጄ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ፣ ለመናገርም አፍራለሁ፣ ሻንጣዋን ፈተሽኩ። ፓስፖርቷን አገኘሁት። ገልጬ ሳየው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ እፎይ ይል ነበር። እኔ ግን «ያውልህ! በባሕር የሚሄድ ሰው ፓስፖርት ምን ያደርግለታል?» አልኩ። ሻንጣውን ሁሉ ሳገላብጥ አንዲት የሕፃን ጨርቅ አላገኘሁም፤ ይኸም ክሱ ላይ ተጨመረ። በእናቴ ወግ «ልጅ ሳይመጣ ዕቃው አይቀድመውም»፤ ስለዚህ እቤታችን አንዲት ካልሲ እንኳ እንዳትገባ የከለከለች እናቴ ናት። ይኼን እያወቅሁ ነው የተናደድኩት።

ለእናቴ ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጅን ጥሎ ስለመሄድ እናቴን እንዴት አማክራለሁ?

ምሳ ላይ ዘይነባን በዘዴ የጠየቅኩ መሰለኝ። «ጅዳ ይናፍቅሻል?»

ጉርሻዋን ወደ ትሪው መለሰችው። «አገሩ አይናፍቀኝም። ልጁ ነው የሚናፍቀኝ። አሁን ትልቅ ሆኗል፣ ስሜንም ረስቶት ይሆናል።»

እሷ ይኼን ስትል ምን እያሰበች እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ያልተወለደው ልጄ ነው። ከዓመታት በኋላ ከመኪና ለምትወርድ ሴት «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ» ሲላት ታየኝና ተነሥቼ ወጣሁ።

በቀጠሮው ቀን ዘይነባ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ሻርፗን ተከናንባ ወጣች። የስፌት መኪናዬን እንደተገተረች ትቻት ተከተልኳት። ሲዘጋ የከረመው የደሴ መንገድ ከሰሞኑ ክፍት ስለነበር መናኸሪያው በሰው ጢም ብሏል። እሷ ግድግዳ ጥግ ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ሸራ ጀርባ ቆሜ እሷን እጠብቃለሁ። ነጠላ ጫማዬ አንድ እግሩ የኔ፣ አንድ እግሩ የእናቴ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

የአያ እንድሪስ ሚኒባስ አቧራዋን እንደለበሰች ገባች። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ አዛውንቱ ዘይነባን አይተው ፈገግ አሉ። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

«መጣሽ የኔ ልጅ? በይ እንግዲህ፣ ሉባባ እንዳለችኝ ሁለት አማራጭ ነው ያለሽ። አንዱ ረከስ ይላል፣ ለመንገዱ ግን አላምነውም። ሌላው...»

ሌላውን አላስጨረስኳቸውም። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ኮሌታቸው እጄ ውስጥ ነበር።

«ሁለት አማራጭ! አንዱ በባሕር፣ አንዱ በአየር ነው አይደል? ነፍሰ ጡር ሴት! አላህን አትፈሩም? አገሩን ባዶ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ!»

«ኧረ ያ ረቢ! ይኸ ሰውዬ ምን ነክቶታል?» አሉ አያ እንድሪስ። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተፈናጥሮ ወደቀ።

«ሰይድ! ልቀቃቸው!» ዘይነባ ክንዴን ጎተተችኝ። «አብደሃል እንዴ?»

«አላበድኩም! ሰምቼሻለሁ! አረቢያ ልትሄጂ ነው!»

ሰዉ ዞሮ ከበበን። ዘይነባ እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ትንሽ ጊዜ አፌን አፌን አየችኝ፤ የሰማችውን እንደገና በልቧ የምትለው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረች። አያ እንድሪስ ከላይ አውርደው ካስቀመጡት ሁለት በማዳበሪያ የተጠቀለለ ዕቃ አንዱን ይዛ ማዳበሪያውን በጥፍሯ ቀደደችው። መጀመሪያ ጎማ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ ጎማ። አንድ ነገር ጫን ስታደርግ ዕቃው ቀጭ ብሎ ራሱን ዘረጋ።

የሕፃን ጋሪ ነበር።

«አረቢያ ይኸ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ጅዳ እንዲህ ነው የሚሉት። እኔና ሉባባ ስድስት ዓመት ስንገፋው የኖርን፣ ሌላ ስም አናውቅለትም።»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ሻይ ሻጯ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። አንዱ «በዚህማ አረቢያ እኔም እሄዳለሁ!» አለ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ዘይነባን ሳይ ዘጋሁት። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

«አራስ ልጄን ጥዬ ነው የምሄደው?» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ ይኼን እያሰብክ ነው አብረኸኝ የበላኸው?»

ከመሬት ቁልፉን አንሥቼ ወደ አያ እንድሪስ ዞርኩና «አውፍ በሉኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አብሽር» አሉኝ ኮሌታቸውን እያቃኑ። «ቁልፉን አንተው ትተክልልኛለህ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሽንኩርትና ሰው ስጭን ኖሬ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።»

ዘይነባ እምባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ወደ ጉዳይዋ ገባች። እንዲህ ናት። ሁለተኛውንም ማዳበሪያ ፈታችና ሁለቱን ጋሪዎች አጠገብ ለአጠገብ አቆመቻቸው። ሁለቱም ሉባባ ደሴ ውስጥ ከተመላሾች ያፈላለገቻቸው ናቸው፤ የማይመረጠው በዚያው መኪና ይመለሳል። ሉባባ የአዲሱን ዋጋ ከሱቅ ጠይቃ በዚያ ገንዘብ ጥጃ እንደሚገዛ ለዘይነባ ስለነገረቻት አሮጌ ማፈላለጉን መርጠው ነበር። አንደኛው ጋሪ የሚያብረቀርቅ፣ ቀላል፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፤ ጎማው ትልልቅ፣ የጥላው ጨርቅ ግን ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን የሚያብረቀርቀውን አንሥቼ እሄድ ነበር።

ዘይነባ ከሻይ ሻጯ ውሃ የተሞላ የዘይት ጀሪካን ተዋሰች። በሚያብረቀርቀው ጋሪ ላይ አስተኛችውና ኮብልስቶኑ ላይ ገፋችው። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ትንሿ ጎማ በሁለት ድንጋይ መሀል ተሰነቀረች፤ ጋሪው ተንጋደደ፣ ጀሪካኑም ዷ ብሎ መሬት ወረደ። ሰዉ «ወይኔ!» አለ፣ ልጅ የወደቀ ይመስል።

«አየህ አያ እንድሪስ» አለች ዘይነባ፤ ከእሳቸው ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አታወራም። በንዴቷ «አንቱ» ማለቱንም ረስታዋለች። «ደግሞ ጀርባው አይዘረጋም። የአራስ ልጅ አንገቱ አልጠናም፣ ተጋድሞ ነው መተኛት ያለበት። ይኸ ለተቀመጠ ልጅ ነው።»

አሮጌውን ስትገፋው ጎማው ድንጋዩን እየረገጠ አለፈ። ፍሬኑን ይዛ ቁልቁለቱ ላይ ለቀቀችው፤ ቆመ። ጀርባውን ዘረጋችው፣ ወደ ታች አጎንብሳ እያንዳንዱን ብሎን በጣቷ ነካካች። ልብስ ሰፊ ነኝና ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት የተማረችው ነበር እጇ ላይ የማየው፤ እኔ ግን ያን ስድስት ዓመት ስፈራው ኖሬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

«ጥላው ግን ተቀዷል እኮ» አሉ አያ እንድሪስ።

«አውቃለሁ። ሉባባ ዋጋውን ያስቀነሰችው በእሱ ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፣ እሱ ይሠራዋል ብያት ነው የተቀደደውን ያስያዝኩት።»

ይኼን ስትል እንኳ አላየችኝም። እኔ ሻንጣዋን ስፈትሽ እሷ በእኔ እጅ ተማምና ጋሪ ስትመርጥ ነበር። ፊቴን የማስገባበት ጠፋኝ።

በመጨረሻ የሕፃኑን ማሰሪያ ስትስብ አንደኛው ጎኑ ተበጥሶ አገኘችው። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼን ትሰፋዋለህ?»

«እሰፋዋለሁ።»

ወደ ቤት ባዶውን ጋሪ እየገፋሁ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄድን። ደጃችን ስንደርስ እናቴ በራፉ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ወሬው ቀድሞን የደረሰ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አልደረሰም። ጋሪውን ስታይ ግን ሁለት እጇን በበሩ መቃን ዘረጋች።

«ባዶ ጋሪ ቤቴ አይገባም! ልጅ ሳይመጣ? ዘይነባ፣ አልነገርኩሽም?»

«ይቅርታ እማማ» አለች ዘይነባ። «በድብቅ ያደረግኩት እንዳይከፋዎት ብዬ ነው። አሁን ያስመጣሁት ደግሞ ከወለድኩ በኋላ የደሴ መንገድ ይዘጋ ይከፈት ስለማላውቅ ነው።»

እኔ እንዳትቆጣት ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ሁሉን ዘረገፍኩት። ስልኩን፣ አረቢያውን፣ አያ እንድሪስን። እናቴ መጀመሪያ «አረቢያ» የምትለው ቃል ላይ ፈገግ ልትል ነበር፤ እሷም እዚያ የኖረች ናትና ገብቷታል። ልጁን ጥላ ልትሄድ መስሎኝ ነው ስል ግን ፈገግታው ጠፋ። ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እሷ ምን አደረገችህ?» አለች። «ይኼን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ያን የድሮ ሻንጣ ስትከፍት ሰማሁ። ስትወጣ አንዲት መዳፍ የምታህል የሕፃን ሸሚዝ ይዛ ነበር፤ ነጭነቷ ወደ ቢጫ ሄዷል። ጋሪው ላይ ዘረጋቻት።

«ባዶውን አይግባ። ይኼን ይዞ ይግባ» አለች። «ያንተ ናት። እዚያ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት ትራሴ ሥር ነበረች።»

አነሳኋት። የሙያ ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። በእጅ የተሰፋች ናት፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ክሩ አንዳንድ ቦታ ተደራርቧል።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ አላወቅኩትም ነበር። ያወቅኩት የእናቴን ፊት ሳይ ነው። «አዎ» ብቻ አለች። ከዚያ የጋሪውን እጀታ ይዛ ራሷ ወደ ቤት አስገባችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሂክማ ተወለደች። የጋሪውን ጥላ ከዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ሠራሁት፤ የሠፈሩ ልጆች «ተማሪዋ መጣች!» እያሉ ይከተሏታል። ብዙውን ጊዜ የምትገፋት እናቴ ናት። ለአላፊ አግዳሚው «አረቢያ ልንሄድ ነው!» እያለች ትቀልዳለች፤ መናኸሪያ ድረስ ደርሰው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ሰው ያልሄደበት ቤት የለም፤ ስለዚህ አንዳንድ ቃል ስንሰማ የሚናገረውን ሰው ሳይሆን የራሳችንን ድሮ ነው የምንሰማው። እኔ ያን ዕለት የሰማሁት ዘይነባን አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ሻንጣ አትፈትሹ፤ ሰውዬውን ጠይቁ። መልሱን ብትፈሩም ጠይቁ።

ዘይነባ አውፍ ብላኛለች፤ ደግማም አላነሳችውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደወልላት ድምፁን ወደ ውጭ ለቃ፣ እፊቴ ተቀምጣ ማውራት ያዘች። የሉባባን ወሬ፣ የእናቷን ሕመም፣ የጓደኞቿን ገመና ሁሉ በግዴ ሰማሁ። «ተይ፣ ግዴለም» ብላትም አልተወችም። ወራት እንዲህ አለፉ። ከመናኸሪያው ሳቅ ይልቅ እኔን የቀጣኝ ይኸ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አየት አደረገች፣ እኔንም አየት አደረገችኝ። ከዚያ ሂክማን ታቅፋ ተነሣችና ድምፁን ሳትለቅ ወደ ጓሮ ዞረች። ቆርቆሮው ያው ነው፤ ዝም ብል ሁሉንም እሰማ ነበር። ጨርቁን አስተካከልኩና ፔዳሌን ረገጥኩ፤ እስክትመለስ ድረስ አላቆምኩም።